ከቆላ አውሮፕላን የወረደው ትኩሳት

ፈለቀች አውሮፕላን የምታጸዳ ሴት ነበረች። ቤቷ ወሎ ሰፈር፣ ከቦሌ መንገድ ገባ ብሎ፣ ባለ ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት ነው። ባሏ ገብረሃንስ እዚያው ሰፈር ጋራዥ ውስጥ የመኪና ኤሌትሪክ ይሠራል። ሁለት ልጆች ወልደዋል፤ እናቷ እማማ ወለተማርያምም ከመንዝ ከመጡ ወዲህ አብረዋቸው ይኖራሉ። ፈለቀች ዝምተኛ ናት፤ እጇ ግን አያርፍም። አለቆቿ እሷ የጨረሰችውን አውሮፕላን ገብተው አያዩም ነበር። «ፈለቀች ናት?» ይሉና «እሷ ናት» ከተባሉ ወደ ሌላው ያልፋሉ።

በ1977 ዓ.ም. ሥራው መልኩን ለወጠ። ከዚያ በፊት የምታጸዳው መንገደኛ ጋዜጣና የከረሜላ ወረቀት ጥሎበት የሚወርደውን አውሮፕላን ነበር። ያን ዓመት ግን ድርቁ ወሎንና ትግራይን ሲያራቁት፣ መንግሥት ሰዉን በጭነት አውሮፕላን እያሳፈረ ወደ ጋምቤላና ወደ አሶሳ ይወስድ ጀመር። አውሮፕላኖቹ ሰፋሪውን ቆላ አውርደው ባዷቸውን ቦሌ ይመለሳሉ። ወንበር የላቸውም፤ ሰው ተፋፍጎ የተቀመጠበት ሸራና መረብ ብቻ ነው። ወለሉ በትውከት የተለወሰ ነው። ፈለቀችና የሥራ ጓደኛዋ ዓለም ያን በበረኪና ሲፍቁ ይውላሉ። አንዳንዴ ከመረቡ ሥር የሕፃን ጫማ ወይም የተበጠሰ ማተብ ያገኛሉ። ያን ጊዜ ሳቂታዋ ዓለም ሳቋ ይጠፋል፤ «የማን ይሆን?» ትላለች። ፈለቀች ጫማውን ጠራርጋ ለተቆጣጣሪው ትሰጥና ወደ ፍተጋዋ ትመለሳለች።

ኅዳር ሚካኤል ዕለት፣ ሰፈሩ ቆሻሻውን በየደጁ እያቃጠለ ጢስ በጢስ ሆኖ ሳለ፣ ፈለቀችን ራሷን ፈለጣት። «ጢሱ ነው» አለች። በማግስቱ ግን ወገቧን ቆረጣት፤ ከዚያ ብርድ ብርድ አላት፤ ከዚያ በላብ ተጠመቀች። ሰፈር ካለው ክሊኒክ ሄዳ የታይፎይድ መድኃኒት ተሰጣት። ሲሻላት ሥራ ትገባለች፤ ሲብስባት ትተኛለች። እንዲህ እንዲህ ሲል ሰነበተ።

ታኅሣሥ ሲጋመስ ፊቷ አመድ መሰለ። የቤቷን ደፍ ለመሻገር ግድግዳ መደገፍ ጀመረች። አንድ ቀን ልብስ ስታጥብ አፍንጫዋ ደም ፈሰሰ፤ ቢይዙትም እንቢ አለ። እማማ ወለተማርያም ክንዷን ሲያሻሹላት፣ ማንም ሳይመታት ቆዳዋ ላይ ሰማያዊ በለዝ አዩ።

«ገብረሃንስ፣» አሉ አማቹን፣ «ይቺ ልጅ ደሟ ወዴት እየሄደ ነው?»

ገብረሃንስ የጋራዡን ሥራ ጥሎ ከተማ መሀል ወዳለ ትልቅ ሆስፒታል ወሰዳት፤ አስተኟት።

ያከማት ሐኪም ዶክተር በዳሳ ይባላል። ወጣት ነው፤ ትምህርቱን ከጨረሰ በኋላ ወባ በማይጠፋበት ደዴሳ ሸለቆ ሁለት ዓመት አገልግሎ ገና መመለሱ ነበር። ሆዷን ሲዳስስ ጣፊያዋ በግራ ጎኗ አብጦ እጁ ላይ መጣለት። መጀመሪያ ያሰበው ወባን ነው፤ ስለዚህ ጠየቃት።

«ቆላ ወርደሽ ታውቂያለሽ?»

«ኧረ የት አውቄ! ከመንዝ በልጅነቴ መጣሁ፤ ከዚያ ወዲህ ከአዲስ አበባ ወጥቼ አላውቅም።»

አዲስ አበባ ደጋ ነው። የወባ ትንኝ አይራባበትም። ዶክተር በዳሳ ወባን ከሐሳቡ አወጣ።

የደም ምርመራው ውጤት ሲመጣ ደግሞ ነገሩ ሌላ መሰለ። ቀይ የደም ሕዋሷ በጣም አንሷል። ነጩም አንሷል። ደም እንዲረጋ የሚያደርጉት ጥቃቅን ሕዋሳትማ ከሞላ ጎደል የሉም ማለት ይቻላል፤ ነስሩም በለዙም ከዚያ ነው የመጣው። ከቀሩት ነጫጭ ሕዋሳት መካከል መልካቸው የተለወጠ፣ ከልክ በላይ የገዘፉ ታዩ። ዶክተር በዳሳ ገብረሃንስን ኮሪደሩ ላይ ጠራው።

«ሦስቱም ዓይነት የደም ሕዋሳት ባንድ ጊዜ ሲያንሱ ደሙ የሚመረትበት መቅኒ ታሟል ብለን እንሰጋለን» አለው። «ከመቅኒዋ ናሙና ወስደን ማየት አለብን።»

«ስሙ ምንድን ነው በሽታው? አይደብቁኝ።»

«እርግጠኛ አይደለሁም። የምንፈራው የደም ካንሰርን ነው።»

ገብረሃንስ ከግቢው ወጥቶ ባሕር ዛፍ ሥር ተቀመጠና ግሪስ የማይለቃቸውን እጆቹን እያገላበጠ ያያቸው ጀመር። ቤት ሲደርስ መደበቅ አልሆነለትም፤ ለአማቱ ነገራቸው።

እማማ ወለተማርያም አላለቀሱም። ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሡ። «ሐኪም የማያውቀውን የሚያውቅ አምላክ አለ» አሉ። «ነገ እንጦጦ ፀበል እወስዳታለሁ።»

በማግስቱ ጠዋት አንዲት ውይይት ታክሲ ተከራይተው ሆስፒታል ደረሱ። ገብረሃንስ ከኋላቸው እየተከተለ «እማማ፣ እስቲ ናሙናው ይወሰድ» ቢልም አልሰሙትም። ዶክተር በዳሳ ክፍሉ ውስጥ ነበር።

«ልጄን ልውሰዳት» አሉት እማማ። «አጥንቷን ልትበሳ ነው አሉኝ። ደም ከሌላት ሰው ደሞ ምን ሊቀዳ ነው?»

«እማማ፣ አሁን ከወጣች መንገድ ላይ ደም ሊፈስሳት ይችላል።»

«ከሞተችም እግዚአብሔር ፊት ትሙት ልጄ። አትከልክለኝ።»

ሁለቱ ይህን ሲባባሉ ፈለቀች «ብርድ ልብስ…» አለች። ብርድ ልብስ ደረቡላት፤ ሌላም ደረቡላት። ጥርሷ ይንገጫገጭ ጀመር። የብረት አልጋው ከግድግዳው ጋር እየተላተመ ሲንቋቋ ጎረቤት የተኙት በሽተኞች ሁሉ ቀና አሉ። ዶክተር በዳሳ እጁን ግንባሯ ላይ አድርጎ ቆመ። እንዲህ ያለውን መንቀጥቀጥ ደዴሳ ስንቱ አልጋ ላይ አይቶታል!

«ፈለቀች፣ እንዲህ የሚያደርግሽ ሁልጊዜ ነው?»

«አንድ ቀን… ይለቀኛል። በማግስቱ… ይመጣል።»

«ሥራሽ ምንድን ነው?»

እማማ ወለተማርያም ተቆጡ። «አሁን ይሄ ስለ ሥራ የሚጠየቅበት ሰዓት ነው?»

«አየር ማረፊያ» አለች ፈለቀች። «አውሮፕላን ነው የማጸዳው።»

«ከየት የሚመጣ አውሮፕላን?»

«ዘንድሮማ… ከጋምቤላ ነው። ሰፋሪዎቹን አድርሶ የሚመለሰው።»

ዶክተሩ ወደ አልጋው ጎንበስ አለ። «ውስጡ ትንኝ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«ኧረ ሞልቶ!» አለች በሚንገጫገጭ ጥርሷ መካከል። «ሸራውን ስናራግፈው ግር ብሎ ይነሣል። አንገታችንን ነው የሚበላን።»

ዶክተር በዳሳ ቀና ብሎ እማማን አያቸው። «እማማ፣ እንጦጦ አልሸሸም። ይቺን ጠዋት ብቻ ይስጡኝ።»

ምን እንዳዩበት እንጃ፣ እማማ ወለተማርያም የአልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። «ይቺን ጠዋት» አሉ።

ደሟን ከጣቷ ጫፍ ራሱ ቀዳና ጠብታውን ያሳረፈባትን ስስ መስታወት ይዞ ወደ ላቦራቶሪ ወረደ። የላቦራቶሪው ባለሙያ እንድሪስ የሚባሉ ጸጉራቸው የሸበተ ሰው ናቸው። ፈለቀች ሆስፒታል በገባችበት ቀን ደሟ የተቀዳው ትኩሳቱ ለቀቅ ባደረጋት ሰዓት ነበር፤ የታየውም የሕዋሶቿ ቁጥርና መልክ ነው፤ ወባን የፈለገ ሰው አልነበረም። አሁን እንድሪስ ጠብታውን ወፈር አድርገው ቀቡ፤ ቀለም አፈሰሱበት፤ እስኪደርቅ ጠበቁ። ከዚያ ዓይናቸውን ማይክሮስኮፑ ላይ ደፉ። መስታወቷን ወዲህ ገፉ፤ ወዲያ ገፉ።

«ዶክተር፣» አሉ በመጨረሻ፣ «ይምጡ እስቲ። ዓይኔ ካላታለለኝ…»

ዶክተር በዳሳ አየ። የወባው ተባይ በወይን ጠጅና በሰማያዊ ቀለም ተነክሮ፣ እዚህም አንድ፣ እዚያም አንድ ሆኖ ይታያል። ጮክ ብሎ ሳቀ።

«ወባ አይቶ የሚስቅ ሐኪም ዛሬ አየሁ» አሉ እንድሪስ፤ እሳቸውም ፈገግ ብለዋል።

ክፍሉ ሲመለስ መንቀጥቀጡ አልፎ ትኩሳቱ ገብቷል። ገብረሃንስ የሚስቱን እግር ይዞ ቆሟል። ዶክተሩ አልጋው ላይ ተቀምጦ እንዲገባቸው አድርጎ ነገራቸው። የወባው ተባይ ቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ገብቶ ይራባል፤ ሲበዛ ሕዋሱን አፈንድቶ ይወጣል፤ ብርዱና ትኩሳቱ ያን ጊዜ ነው የሚመጣው። ጣፊያ ደግሞ የተጎዳውን ደም ለማጣራት ስትደክም ታብጣለች፤ ደም የሚያረጉትን ጥቃቅን ሕዋሳትም አብራ ትይዛቸዋለች። ነጮቹ ከተባዩ ጋር ሲታገሉ ይመናመናሉ፤ የቀሩት መልካቸው ይለወጣል።

«የደም ካንሰርም ሦስቱን ሕዋሳት ያሳንሳል» አለ። «ለዚህ ነው የፈራነው። ግን ተባዩ ከተገደለ ደሟ ይመለሳል።»

«ይመለሳል?» አለ ገብረሃንስ።

«ይመለሳል። ነስሩ በዚህ ሳምንት ይቆማል። ጉልበቷ ትንሽ ይቆይ እንጂ እሱም ይመጣል። እኔ ቆላ ወርደሽ ታውቂያለሽ ብዬ ጠየቅኩ፤ ቆላው ወደ እሷ ይመጣ ይሆናል ብዬ ግን አላሰብኩም።»

እማማ ወለተማርያም «ታዲያ ፀበሉስ?» አሉ።

«ፀበሉን እዚህ ያምጡላት እማማ። ክኒኑን በሱ ትዋጠው።»

አሮጊቷ ወደ ልጃቸው፣ ከዚያ ወደ ዶክተሩ አዩ። «እሱስ ይሁን» አሉ፤ ባለ ታክሲውን ሊያሰናብቱም ወጡ።

ፈለቀች ክሎሮኪን የተባለውን የወባ ክኒን ውጣ ጋደም ካለች በኋላ በድንገት ዓይኗን ከፈተች።

«ገብሬ፣ ዓለም!»

«ዓለም ምን ሆነች?»

«እሷም ታማለች። ታይፎይድ ነው ተብላ ጉርድ ሾላ አክስቷ ቤት ተኝታለች። እኔን የነከሰኝ እሷንም ነክሷታል። ሂድ፣ አምጣት!»

«መጀመሪያ አንቺ ደህና…»

«እኔ ሐኪም ቤት ነኝ። እሷ ማን አላት? ሂድ ስልህ!»

ፈለቀች ባሏን እንዲህ ስታዝዝ ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነበር። ገብረሃንስ በሩጫ ወጣ። ጋራዡ ሄዶ ለጥገና ከቆሙት አንዷን ፒክአፕ ከባለቤቷ ለምኖ ወደ ጉርድ ሾላ ነዳ። ያን ጊዜ ጉርድ ሾላ የከተማው ጠርዝ ነው፤ ከመንገዱ ወጣ ሲሉ ማሳና የጭቃ ቤት ነበር። የዓለም አክስት የሺመቤት በር ላይ ቆመው እጃቸውን ያማታሉ።

«ከትናንት ጀምሮ ስጠራት አትሰማኝም» አሉት።

ዓለም ዓይኗ ተገልጧል፤ ግን ማንንም አታይም። ከንፈሯ ነጥቶ ወረቀት መስሏል። ገብረሃንስ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ተሸክሟት ወጣ። አክስትየዋ ከኋላ ጭነት መጫኛው ላይ ተቀምጠው ራሷን እንደያዙ ሆስፒታል ገቡ።

የዓለም ወባ ሌላኛው ዓይነት ሆኖ ተገኘ፤ ጭንቅላት ላይ የሚወጣው፣ ቶሎ የሚገድለው። የተባዩ ብዛት እንድሪስን «አላህ ይሁናት» አሰኛቸው። ኩዊኒን የተባለው የወባ መድኃኒት በግሉኮስ ተበጥብጦ ተንጠለጠለላት። ዶክተር በዳሳ ግን ዓይኑ ደሟ ላይ ነበር።

«ቀይ ሕዋስ አልቆባታል» አለ። «ዛሬውኑ ደም ካላገኘች መድኃኒቱም አያድናትም። ዘመዶቿ ማን ናቸው?»

አክስትየዋ አርጅተዋል፤ የስኳር በሽተኛም ናቸው። ወንድሟ አሥመራ ጦሩ ውስጥ ነው። ያን ዘመን ሰው ደም መስጠት ይፈራል፤ ከሰውነት የወጣ ደም አይመለስም የሚል ብዙ ነበር። ገብረሃንስ ደግሞ ጋራዥ ውስጥ ብረት እጁን ቢቆርጠው በጨርቅ ጠምጥሞ ሥራውን የሚቀጥል፣ መርፌ ሲያይ ግን ራሱን የሚስት ሰው ነው።

«የኔ ይሆናታል?» አለ በመጨረሻ።

ተመረመረ፤ ይሆናት ነበር። እንድሪስ አስተኝተው ክንዱን ሲያስሩት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

«ጋሽ እንድሪስ፣ ይሄ ሁሉ ከወጣ እኔ ምን ይቀረኛል?»

«ይተካል። መቅኒህ ጤነኛ ነው፤ ሌት ተቀን ያመርታል። ሚስትህም ደሟ የሚመለሰው በዚሁ ነው።»

«እንደሱ ከሆነ ይቅዱት» አለና ዓይኑን ጨፈነ። ሲጨርሱ ላቡ አንሶላውን አርሶት ነበር፤ ግን አልወደቀም። ወሬው ወሎ ሰፈር ሲደርስ ከጋራዡ ሁለት ሰዎች ተከትለው መጥተው ሰጡ።

ዓለም ዓይኗን ገልጣ ሰው የለየችው በሦስተኛው ቀን ነው። ፈለቀች ከአልጋዋ ተነሥታ፣ ነርሷ እየደገፈቻት፣ አጠገቧ ተቀምጣ ነበር።

«የት ነው ያለሁት?»

«ሐኪም ቤት። የገብረሃንስ ደም ነው የተሰጠሽ፤ እወቂው።»

ዓለም አሰበችበት። «ለዚህ ነዋ» አለች በቀጭን ድምፅ፣ «ቤንዚን ቤንዚን የሚለኝ።»

ፈለቀች ሳቀች፤ ሳቁ ወደ ልቅሶ ዞረባት። በዚያው ሳምንት ነስሯ ቆመ። በለዙ መጀመሪያ አረንጓዴ፣ ከዚያ ቢጫ ሆኖ ጠፋ። የደም ሕዋሶቿ እንደገና ሲታዩ ደም የሚያረጉት በእጥፍ በእጥፍ ጨምረው ተገኙ፤ ቀዩ ወደ ኋላ ቀርቷል፤ እሱም ግን ጀምሯል። ጥምቀት ሳይደርስ ቤቷ ገባች።

ከመውጣቷ በፊት ግን ዶክተር በዳሳን አንድ ነገር ጠየቀችው።

«እዚያ የወረዱት ሰዎችስ? እነሱም እንደኔው ደገኞች ናቸው። ወባ አያውቁም።»

«እነሱ የባሰ ይጎዳሉ» አለ። «ከፋሲካ በኋላ ወደዚያ ልሄድ ጠይቄአለሁ። ደዴሳ የተማርኩት እዚያ ይጠቅማል።»

ፈለቀች ሥራ በተመለሰች በሁለተኛው ቅዳሜ የሠራተኛ ማኅበሩ ስብሰባ ነበር። መፈክሩ ተሰማ፤ ሪፖርቱ ተነበበ፤ ሰዉ ማንቀላፋት ጀመረ። ሊቀ መንበሩ ጓድ ረታ «ልዩ ልዩ» ሲሉ ፈለቀች እጇን አወጣች። በዚያ አዳራሽ ተናግራ አታውቅም። ጀርባዋ ላይ የተቀመጠች ሴት ቀሚሷን ሳብ አድርጋ «ተይ፣ የሰፈራውን ነገር እንዳትነኪ» አለቻት። መፍራቷ አያስደንቅም፤ ዘመኑ በአንድ ቃል ሰው የሚጠፋበት ነው። ፈለቀች ግን ተነሣች።

«እኔና ዓለም አውሮፕላን ውስጥ ወባ ይዞን ነበር» አለች። ድምጿ ከኋላ ድረስ ተሰማ። «አውሮፕላኑ ይብረር፤ እኛም ሥራችንን እንሠራለን። የምለምነው አንድ ነገር ነው። ከቆላ የመጣ አውሮፕላን እኛ ከመግባታችን በፊት ፍሊት ይነፋበት፤ በሩም ትንሽ ተዘግቶ ይቆይ።»

«አውሮፕላን ውስጥ ለመያዛችሁ ማስረጃ አለ?» አሉ ጓድ ረታ፤ ለክፋት አልነበረም፣ ለበላይ የሚናገሩት ፈልገው ነው።

«ማስረጃዬ ደሜ ነው። ከከተማ ሳልወጣ ነው ወባ የተገኘበት። ካላመናችሁ የሁላችንም ደም ይታይ።»

ከዚያ ከኋላ ወንበር ዓለም፣ ገና ነጭ ፊቷን በሻርፕ ሸፍና፣ «የኔም!» ብላ ተነሣች። ቀጥሎ አንድ የጭነት ሠራተኛ ተነሣ፤ እሱንም ትኩሳት አልለቅ ብሎት ኖሯል። ጓድ ረታ እርሳሳቸውን ጠረጴዛው ላይ ሁለት ጊዜ አንኳኩ። «የሠራተኛ ጤና የምርት ጉዳይ ነው» አሉ። ያን ዘመን እንዲህ ከተባለ ነገሩ አለቀ ማለት ነው።

በሳምንቱ እንድሪስና ዶክተር በዳሳ ማይክሮስኮፕ ይዘው አየር ማረፊያው ድረስ መጡ። ጽዳቶቹና ጫኞቹ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ እየተሳሳቁ፣ ጣታቸውን ሰጡ። አራት ሰው ላይ ወባ ተገኘ፤ አራቱም መድኃኒት ወስደው ዳኑ። ከዚያ ወዲያ ከቆላ የመጣ አውሮፕላን ሁሉ በሩ ሳይከፈትላቸው በፊት ፍሊት ይነፋበት ጀመር። ሽታው ጉሮሮ ይከረክራል፤ ፈለቀችና ዓለም አፍንጫቸውን አስረው ይገባሉ፤ ወለሉ ላይ የረገፈውን ትንኝ ጠርገው ያወጣሉ።

ፋሲካ እንዳለፈ ፈለቀች ለመጨረሻ ምርመራ ሆስፒታል ሄደች። እንድሪስ ደሟን አይተው ሲጨርሱ ወንበሩን ለቀቁላት።

«ነይ፣ አንቺም እይው።»

ዓይኗን አስጠግታ አንዱን ጨፈነች። መጀመሪያ የገዛ ሽፋሽፍቷን ብቻ አየች። ከዚያ ክብ ብርሃን ተከፈተ፤ በውስጡም ክብ ክብ፣ መሀላቸው ሳሳ ያሉ፣ ጎን ለጎን የተኙ ቀይ ሕዋሳት ሜዳውን ሞልተውታል። በመካከላቸው አንዳንድ ነጭ አለ፤ እንደ አቧራ የደቀቁትም እዚህም እዚያም ተበትነዋል።

«ይሄ ሁሉ የኔ ነው?»

«ያንቺው ነው» አሉ እንድሪስ። «አንድም እንከን የለበት።»

ፈለቀች ዓይኗን አላነሣችም። ውጭ ዶክተር በዳሳ ሻንጣውንና የመድኃኒት ካርቶኖቹን ጋምቤላ በምትሄድ መኪና ላይ ሲያስጭን ድምፁ ይሰማል። ወጥታ ትሰናበተዋለች፤ ግን ደሟን እያየች ትንሽ ቆየች።